ከዝላዩ ይልቅ ኩርባው፦ የ18 ወር የሞቶክሮስ ማስታወሻዬ

ሞቶክሮስ (ጉብታና ኩርባ በበዛበት የአፈር ትራክ ላይ የሚካሄድ የሞተር ሳይክል ውድድር) ስጀምር የምመኘው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ መብረር። ሁለቱም ጎማዎች ከመሬት ተነስተው፣ እኔም ሞተሩም ለአንድ አፍታ አየር ላይ። ሌላው ሁሉ ወደዚያ ለመድረስ የሚከፈል ዋጋ ይመስለኝ ነበር።

አሁን 18 ወር ሞላኝ። ከእያንዳንዱ ልምምድ በኋላ ደብተሬ ላይ ሁለት መስመር እጽፋለሁ። አንዱ ምን እንዳቃተኝ፣ ሌላው ምን ደስ እንዳለኝ። ባለፈው ሳምንት ሁለተኛውን መስመር ብቻ እየመረጥኩ ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው አነበብኩት። ደስ ያሉኝ ነገሮች በየሁለት በየሦስት ወሩ ይቀያየራሉ። አንድ ነገር በተማርኩ ቁጥር፣ ከዚያ በፊት ጭራሽ የማላውቀው ስሜት ብቅ ይላል። ሞተሩ ያው ነው፣ ትራኩም ያው ነው። እኔ ነኝ ቀስ በቀስ መስማት የጀመርኩት።

ይህን የምጽፈው በተለይ ገና ለጀመራችሁ ነው። «ሌሎቹ እንዲህ የሚያብዱለት ነገር ለምን እኔ ጋ አልመጣም?» የሚል ጥያቄ እኔንም ለወራት አስጨንቆኛል።

የመጀመሪያው ወር ገጾች በሙሉ ስለ ድምፅና ስለ ሽታ ናቸው። የምነዳው 125 ሲሲ፣ ባለ ሁለት ምት (ፒስተኑ አንዴ ወጥቶ በወረደ ቁጥር ነዳጅ የሚያቃጥል) ሞተር ነው። በዚህ ዓይነት ሞተር ዘይቱ ከቤንዚኑ ጋር ይደባለቃል። እኔ የምደባልቀው 40 ለ 1 ነው፤ ለአንድ ሊትር ቤንዚን 25 ሚሊሊትር ዘይት ማለት ነው። (የእናንተን ልክ የሞተራችሁ መመሪያ ላይ እዩት።) ያ ዘይት ሲቃጠል ያለውን ሽታ ሌላ የትም አላገኘሁትም። ጠዋት ረግጬ ሳስነሳው፣ ሰማያዊው ጭስ ከማርሚታው ሲወጣ፣ ገና ሳልወጣበት ልቤ መምታት ይጀምራል።

ድምፁ ደግሞ ለብቻው ነው። ሞተሩ በዝግታ እየዞረ እያለ ያጉረመርማል እንጂ ብዙም አይጎትትም። ጋዝ እየጨመራችሁለት አንድ ቦታ ላይ ሲደርስ ግን ድንገት ይነቃል። ድምፁ ይቀጥናል፣ ይሳላል፤ መቀመጫው ከስራችሁ ሊያመልጥ ይሞክራል። ባለ አራት ምት የሚነዱ ጓደኞቼ ጉልበቱ ከታች ጀምሮ እኩል ስለሚመጣ ያ ይሻላል ይላሉ። ነድቼ አይቻለሁ፣ እውነትም ይመቻል። እኔ ግን ያንን ድንገተኛ መንቃት እወደዋለሁ። ፍሪሲዮኑን በአንድ ጣት እየነካካሁ ሞተሩን እዚያ ቦታ ላይ ማቆየት ስለምድ፣ ጩኸት ብቻ የነበረው ነገር ወሬ ሆነልኝ። አሁን ማርሽ መቼ እንደምቀይር የሚነግረኝ ጆሮዬ ነው።

ሁለተኛው ወር ላይ ክንዴ አስቸገረኝ። ሦስት ዙር እንደዞርኩ ከክርኔ በታች ያለው ጡንቻ እንደ ድንጋይ ይጠጥራል። ጣቶቼ ፍሬን መያዝ ያቅታቸዋል። መሪውን አጥብቆ የሚይዝ ሰው ይደርስበታል፤ ጡንቻው በደም ይወጠርና በሽፋኑ ውስጥ መላወሻ ያጣል። በዓለም ሻምፒዮና አንድ ውድድር 30 ደቂቃ ነው፣ በዚያ ላይ 2 ዙር ይጨመራል። እኔ 10 ደቂቃ መቆየት አልቻልኩም።

አሰልጣኛችን ከትራኩ ዳር ቆሞ ሁልጊዜ የሚጮኸው አንድ ነገር ነበር። «በጉልበት! በጉልበት ያዘው!» እኔም ባለ በሌለ ኃይሌ መሪውን እጨመድደዋለሁ። እሱ ይጮኻል፣ እኔ እጨመድዳለሁ፣ ክንዴ ይብስበታል። አንድ ቀን እጁን አንስቶ አስቆመኝ። ሞተሩን ራሱ አጠፋው። ከዚያ ጎንበስ አለና ቀኝ ጉልበቴን በመዳፉ ገፍቶ ከነዳጅ ታንኩ ጋር አጣበቀው። ዞሮ መጥቶ ግራውንም እንደዚያው።

«እኔ የምልህ ይሄን ጉልበት ነው» አለኝ፣ በጣቱ መታ መታ እያደረገው። «እጅህ ለጋዝና ለፍሬን ነው። ሞተሩን የሚይዘው እግርህ ነው።»

ቀጥሎ ጣቶቼን አንድ በአንድ ከመሪው ላይ አላቀቃቸው። ትንሿ ጣቴ ስትነሳ አጥንቷ ሲንቋቋ ሰማሁት። አንድ ወር ሙሉ አንድን ቃል በሌላው ትርጉሙ ስሰማ ከርሜያለሁ ማለት ነው።

የዚያን ዕለት ከሰዓት የጻፍኩት ደብተሬ ላይ ረጅሙ ነው። ቆሜ፣ ጉልበቶቼን ገጥሜ፣ ክርኖቼን ወጣ አድርጌ፣ መሪውን ቀለል አድርጌ ይዤ ገባሁ። ከኩርባው በፊት ፍሬን የሚያዝበት ቦታ ላይ መሬቱ በጉብታ የተሞላ ነው። ሁልጊዜ እዚያ ስደርስ ጥርሴን እነክስ ነበር። ያን ቀን ሞተሩ ከስሬ እንደፈለገ እንዲወራጭ ተውኩት። የኋላው ጎማ ወደ ቀኝ ሸሸ፣ ወደ ግራ ተመለሰ፣ ወደ ላይ ዘለለ። ጭንቅላቴ ግን ከቦታው አልተነቃነቀም። ታች ማዕበል፣ ላይ ጸጥታ። ለመጀመሪያ ጊዜ መሬቱ በውስጥ እግሬ በኩል ተሰማኝ፤ የትኛው ጉብታ ጠንካራ እንደሆነ፣ የትኛው ልል አፈር እንደሆነ፣ በቦት ጫማው ሶል ውስጥ አልፎ።

ይህን ስሜት የሚያመጣው አንዱ ነገር ሾኩ (የመሬቱን መንገጫገጭ የሚውጠው ባለ ሞላ ክፍል) ነው፤ እሱን ለማስተካከል ጊዜ ስጡት። የዛሬ ሞቶክሮስ ሞተር ጎማው ወደ ላይና ወደ ታች ወደ 300 ሚሊሜትር ያህል መንቀሳቀስ ይችላል። በድሮዎቹ፣ ኋላቸው ላይ በግራና በቀኝ ሁለት ሾክ በነበራቸው ሞተሮች፣ የኋላው እንቅስቃሴ ከ100 ሚሊሜትር ብዙም አይበልጥም ነበር። የለውጡን በር የከፈተው የያማሃ ባለ አንድ ሾክ ሞተር ነው። ስዊድናዊው ሆካን አንደርሶን በ1973 በእሱ የ250 ሲሲ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። ታሪኩን የማነሳው ያለ ምክንያት አይደለም። በአራተኛው ወር አንድ ጓደኛዬ ሜትር ይዞ መጥቶ፣ ሙሉ ልብሴን ለብሼ ስወጣበት ሞተሩ ከኋላ ምን ያህል ዝቅ እንደሚል ለካልኝ። 100 ሚሊሜትር አካባቢ መሆን ሲገባው የኔ 80 ብቻ ነበር። ሞላውን ትንሽ አላላነው። በዚያ ቀን ሞተር የቀየርኩ መሰለኝ። ወራት ሙሉ በራሴ ስንፍና ያሳበብኩት መንገጫገጭ ግማሹ የሞላው ነበር።

ስለ መቆም ካነሳሁ አይቀር፣ የስቴፋን ኤቨርትስን የድሮ ውድድሮች በቪዲዮ እዩ። ቤልጅየማዊ ነው፣ 10 ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን። ሌላው ሰው በሚቀመጥበት ኩርባ እሱ ቆሞ ያልፋል። የሚቸኩል አይመስልም። ድምፁን አጥፍታችሁ እግሩን ብቻ ተመልከቱ።

ወደ ዝላዩ ልምጣ፣ የተመኘሁት እሱ ነበርና። ሰባተኛው ወር ላይ አናቱ እንደ ጠረጴዛ የተደላደለውን ጉብታ ሙሉ በሙሉ ተሻገርኩ። ስሜቱ ከጠበቅኩት የተለየ ነው። ትልቁ ነገር ጸጥታው ነው። ዳገቱ ላይ ስትወጡ ሾኩ ይጨመቃል፣ ሰውነታችሁ ይከብዳል፤ ጫፉን ስትለቁ ክብደቱ ሁሉ ይጠፋል። ከመሬት የሚመጣው መንቀጥቀጥ በሙሉ ይቆማል። ምን ያህል ስትንቀጠቀጡ እንደነበር የምታውቁት እዚያ ነው። ከዚያ ቁልቁለቱ ላይ ልክ በቦታው ካረፋችሁ ድንጋጤ የለም። ጎማው መሬቱን ያገኘዋል፣ ሾኩ ይውጠዋል፣ ትቀጥላላችሁ።

አየር ላይ እያላችሁም ሞተሩ ይታዘዛችኋል፤ ይህን ማወቅ ለእኔ ትልቅ ደስታ ነበር። ጋዝ ስትሰጡ የኋላው ጎማ በፍጥነት ስለሚሽከረከር የሞተሩ አካል በተቃራኒው ይዞራል፣ አፍንጫው ቀና ይላል። የኋላ ፍሬን ስትረግጡ የሚሽከረከረው ጎማ ድንገት ስለሚቆም አፍንጫው ዝቅ ይላል። በአየር ላይ መሪ የሆነ ጎማ! መጀመሪያ ስሞክረው ሄልሜቴ ውስጥ ጮህኩ።

አስራ አንደኛው ወር ላይ ወደቅኩ። ጫፉ ላይ ስደርስ ፈራሁና ጋዙን ዘጋሁት። ከላይ ያልኩት ነገር በተቃራኒው ሠራ፤ አፍንጫው ተደፋ፣ በፊት ጎማ አረፍኩ፣ ከመሪው በላይ ሄድኩ። የእጄ አንጓ ወለም ብሎ ሦስት ሳምንት ከሞተር ራቅሁ። የደረት መከላከያዬ ላይ የቀረውን ጭረት ሳይ፣ ያ ጭረት የጎድን አጥንቴ ላይ ሊሆን ይችል እንደነበር አስባለሁ። እባካችሁ ለአጭር ልምምድም ቢሆን ሙሉ ልብሱን ልበሱ። ፍርሃት ከመጣም ጉብታው ላይ ከመውጣታችሁ በፊት ፍጥነት ቀንሱ፤ ጫፉ ላይ ደርሳችሁ ጋዝ አትዝጉ።

ሲሻለኝ ዝላይ ለጊዜው ተውኩና ኩርባ ላይ አተኮርኩ። ሳላስበው የምወደውን ያገኘሁት እዚያ ነው።

የምንለማመድበት ትራክ ሦስተኛው ኩርባ ወደ ግራ ነው። ብዙ ጎማ ስለተመላለሰበት ጥልቅ ቦይ ተቆፍሮበታል። እንደዚህ ነው የሚሆነው። ቆሜ እመጣለሁ፣ ፍሬን እይዛለሁ፣ ማርሽ እቀንሳለሁ። ወደ መቀመጫው ፊት ጠጋ ብዬ እቀመጣለሁ፣ ግራ እግሬን ወደ ፊት ዘርግቼ አወጣለሁ። የፊት ጎማው ቦዩ ውስጥ ሲገባ መሪው ላይ ትንሽ «ጠቅ» የምትል ነገር ትሰማኛለች። ያቺን ጠቅታ መጠበቅ ለምጃለሁ። ከእሷ በኋላ መሪውን መንካት የለብኝም፣ ቦዩ ይወስደኛል። የኔ ሥራ ዓይኔን መውጫው ላይ መትከልና የቀኝ መርገጫው ላይ መጫን ብቻ ነው።

ከዚያ ሞተሩ ይተኛል። ሌላ ቦታ ቢሆን ወደቅኩ የምልበት ዝንባሌ ላይ ይደርሳል፣ ግን አይወድቅም። ወደ መቀመጫው እጫናለሁ፤ ሆዴ፣ ትከሻዬ፣ አገጬ ሳይቀር ይከብዳል። ጋዙን ቀስ ብዬ እከፍታለሁ። የኋላው ጎማ ጥርሶች አፈሩን ሲነክሱ በመርገጫው በኩል ይታወቀኛል፤ እርጥብ አፈር ከሆነ ንክሻው ጥልቅ ነው። ሞተሩ ያቺን ቀጭን ድምፁን ያወጣል፣ ቀና ይላል፣ ኩርባው ይተፋኛል። ሁሉም ነገር ሦስት ሰከንድ አይሞላም። በአንድ ቀን ልምምድ ምናልባት ሁለቴ ወይም ሦስቴ ነው እንዲህ ንጹሕ ሆኖ የሚመጣልኝ። ማታ ተኝቼ የማስበው እነዚያን ነው።

ዝላይ ላይ አየር ይቀበለኛል፣ እኔም እጠብቃለሁ። ኩርባው ላይ ግን ሞተሩ፣ አፈሩና እኔ ሦስታችንም እንሠራለን። ልዩነቱን በሌላ መንገድ ማስረዳት አልችልም።

ትናንሾቹን ደስታዎችም ላንሳ። ዝናብ ዘንቦ ባደረበት ማግስት፣ ማንም ሳይገባበት የመጀመሪያውን መስመር መሥራት። ጭቃ ዓይኔን ሲጋርደኝ መነጽሩ ላይ የተለጠፈውን ስስ ላስቲክ በአንድ እጅ ልጦ መጣልና ዓለም ጥርት ብሎ ሲመለስ። አስራ ሁለት ሆነን መነሻው ላይ ተሰልፈን፣ ከፊታችን ያገደን ብረት ከመውደቁ በፊት ያለችው ሰከንድ። ልምምድ ሲያልቅ ሞተሩን አጥፍቼ መሬት ላይ ስቀመጥ፣ ማርሚታው እየቀዘቀዘ «ጢቅ ጢቅ» ሲል መስማት። የአየር ፊልትሮ ማጠብ እንኳ ደስ ይለኛል፤ የነዳሁበትን ትራክ በሙሉ ከስፖንጁ ውስጥ ጨምቄ አወጣለሁ።

አሁን ያለሁት የቀኝ ኩርባ ላይ ነው፣ እሱ ደግሞ እየፈተነኝ ነው። የኋላ ፍሬኑ ያለው በቀኝ እግር በኩል ስለሆነ፣ እግሬን ዘርግቼ ካወጣሁ የኋላ ፍሬን የለኝም። ቀድሜ ካወጣሁ በፍጥነት ገብቼ ከቦዩ እወጣለሁ። ዘግይቼ ካወጣሁ ደግሞ ሞተሩ ከተኛ በኋላ ስለሚሆን ጠቅታዋ ታልፈኛለች። ባለፉት አራት ልምምዶች አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሰማኋት፣ ቅዳሜ፣ የመጨረሻው ዙር ላይ።

ልምድ ያላችሁ እስቲ ንገሩኝ። ቀኝ እግራችሁን ከፍሬኑ ላይ የምታነሱት ከቦዩ ምን ያህል ርቀት ላይ ስትሆኑ ነው? ያን ጊዜ የፊት ፍሬኑንስ ይዛችሁ ትገባላችሁ ወይስ ትለቁታላችሁ?