ሌዘር ልሞክር ወይስ ይቅርብኝ?

ብጉር ከአፍላነት ጋር ይሄዳል ሲባል ሰምቼ ነበር፤ የኔው ግን ከአገጬ ንቅንቅ አላለም። አሁን ሌዘር እያማረኝ ነው። ቲክቶክ ላይ ቀላል ይመስላል፤ ብልጭ ብልጭ ይልና ፊቱ ጥርት! ችግሩ የሚያሳዩን ፊት አብዛኛው የፈረንጅ ነው። እንደኛ ጠይም ቆዳ ላይ ለቆዳችን ቀለም የሚሰጠው ሜላኒን ራሱ ብርሃኑን ስለሚስብ፣ በደንብ ያልተመጠነ ሌዘር አቃጥሎ ከብጉሩ የባሰ ጥቁር ምልክት ሊተው ይችላል።

ስለዚህ ከዋጋው በፊት የማሽኑን ዓይነት ነው የምጠይቀው። የብርሃኑ ሞገድ ርዝመት 1064 ናኖሜትር የሆነው፣ ኤንዲ ያግ የሚባለው ሌዘር ጠለቅ ብሎ ስለሚገባና ሜላኒን ብዙም ስለማይስበው ለጠቆረ ቆዳ ይሻላል። አሜሪካ በ2022 እ.ኤ.አ. የፈቀደችው ባለ 1726 ናኖሜትሩ ሌዘር ደግሞ የሚያነጣጥረው ቅባት አመንጪ እጢዎቹን ነው። አንድ ክሊኒክ ደውዬ ይህንኑ ብጠይቅ፣ ልጅቷ «አንቺ ብቻ ነይ የኔ ቆንጆ፣ ማሽናችን የመጨረሻው ነው» አለችኝ። የምን መጨረሻ?

ለጊዜው ሐኪሜ ያዘዘችልኝን አዳፓሊን የሚባል የብጉር ቅባት ማታ ማታ የአተር ፍሬ የምታህል እቀባለሁ፣ ቀን ደግሞ ሰንስክሪን። ሦስት ወር ገደማ ታገሺ ተብያለሁ። ካልሆነ ሌዘሩ ጋ እሄዳለሁ፤ ግን መጀመሪያ ከጆሮዬ ስር ትንሽ ቦታ ላይ ይሞክሩልኝ፣ እምቢ ካሉ ቦርሳዬን አንስቼ ውልቅ ነው።