ፊልጶስ ስልክ አልተቀበለም

ዛሬ ከጠዋት ጀምሮ ድብርት ቢጤ ተጫጭኖኛል። ዝናቡ ነው መሰለኝ። ወይም የእሁዱ ስብከት ነው። «ከጎናችሁ ለተቀመጠው ሰው ሳትመሰክሩ ከታክሲ እንዳትወርዱ» ተብለን ነበር። ጠዋት ከጎኔ የተቀመጡት ደግሞ ደርበብ ያሉ እናት ናቸው። ነጠላ አጣፍተዋል፣ አንገታቸው ላይ ማዕተብ፣ እጃቸው ላይ የጸሎት መጽሐፍ። ምን ልበላቸው? «እማማ፣ ጌታን ያውቃሉ?» እኔ ሳልወለድ የሚያውቁትን!

እዚህ አገር መመስከር የሚከብደው ለዚህ ነው። ደህና አደሩ ያልሽው ሰው ሁሉ «እግዚአብሔር ይመስገን» ይልሻል። ትንሽ ገፋ ካደረግሽው «የየትኛው ቤተ ክርስቲያን ነሽ?» ይመጣል። ከዚያ በኋላ ስለ ክርስቶስ ማውራት ቀረ፣ ክርክር ተጀመረ።

ይሄኔ ፊልጶስ ትዝ አለኝ። ሐዋርያት ሥራ 8። የኢትዮጵያ ንግሥት የህንደኬ ጃንደረባ ከኢየሩሳሌም ሲመለስ ሠረገላው ላይ ኢሳይያስን ያነባል። ፊልጶስ ሮጦ ደረሰበትና የሚያነበው ይገባው እንደሆነ ጠየቀው። ውጣና አብረን እንቀመጥ ያለው ሰውዬው ራሱ ነው። እኔን የሚገርመኝ ግን መጨረሻው ነው። አጥምቆት ከውኃው እንደወጡ መንፈስ ፊልጶስን ነጠቀው፣ ጃንደረባው ደስ ብሎት መንገዱን ቀጠለ። በቃ። ስልክ አልተቀበለው፣ ቴሌግራም ግሩፕ አላስገባው። እኛ ጋ ቢሆን «ክትትል ይጎድለዋል» ተብሎ ይገመገም ነበር።

ፍሬምናጦስማ ይብሳል። እሱ ጭራሽ ሊሰብክ አልመጣም። በአራተኛው መቶ ዘመን ከጢሮስ የተነሳ ልጅ ነው። የመርከቡ ሰዎች ሲገደሉ እሱና ወንድሙ ተርፈው አክሱም ቤተ መንግሥት ገቡ። ታሪኩን የጻፈው ሩፊኖስ እንደሚለው፣ የንጉሡን ሂሳብና ደብዳቤ የሚይዘው እሱ ነበር። ሂሳብ ሠራተኛ! (የሙያ ባልደረባዬ መሆኑን ሳውቅ እንዴት ደስ እንዳለኝ።) ክርስቲያን ነጋዴዎችን እየፈለገ መጸለያ ቦታ እንዲኖራቸው ይረዳ ነበር። እስክንድርያ ወርዶ የዚያን አገር ሊቀ ጳጳስ አትናቴዎስን ጳጳስ እንዲልክ የጠየቀው፣ ራሱም ተሹሞ አባ ሰላማ ሆኖ የተመለሰው ከስንት ዘመን በኋላ ነው። እስከዚያ ድረስ ግን ያው ሥራ ነው። ወረቀት፣ ቁጥር፣ የቤተ መንግሥት ሐሜት። አጠገቡ የሚሠራው ሰው ምን አይቶበት ይሆን? ግምጃ ቤቱ ሲጎድል ያልተደናገጠ መሆኑን? ጌታው ሲቆጣ በሌላ ሰው ያላሳበበ መሆኑን? ይሄን አልጻፉልንም። እኔ ደግሞ ማወቅ የምፈልገው ይሄንን ነው።

ሴትየዋ መቼ እንደወረዱ እንኳ አላየሁም።

እኔ ቢሮ ከጎኔ የሚሠራ ልጅ አለ። ከተዋወቅን ቆይተናል። ሲስተም ሲቋረጥ የምናገረውን ሁሉ ሰምቷል፣ ወር ሲዘጋ ፊቴ ምን እንደሚመስል ያውቃል። ባለፈው አርብ ምሳ ላይ ጥብስ ሳዝ ቀና ብሎ አየኝ።

«እንዴ! ጴንጤ ነሽ እንዴ?»

«አዎ።»

«እኔ እኮ በጭራሽ አልመሰለኝም» ብሎ ወደ ሽሮው ተመለሰ።

ሙገሳ ነው ስድብ? ልጠይቀው አስባለሁ፣ መልሱን ፈርቼ እተወዋለሁ። ለማንኛውም እስካሁን ስለ እምነቴ የመሰከረልኝ ጥብሱ ብቻ ነው።