ግፊት አያምም

ፍሪጃችን ጎን ላይ በሲባጎ የተንጠለጠለ ባለ 32 ገጽ ደብተር አለ። ሽፋኑ ላይ በእማዬ እጅ «ግፊት» ተብሎ ተጽፏል። የመጀመሪያው መስመር 178/104 ይላል።

ይህን ቁጥር ያገኘነው ሳናስበው ነው። እኔን ጉንፋን ይዞኝ እማዬ መድኃኒት ልትገዛልኝ ሰፈራችን ውስጥ ወዳለ ፋርማሲ ሄደች። የፋርማሲዋ ልጅ «እስኪ ቁጭ ይበሉ እማማ፣ የደም ግፊትዎን ልለካዎት» አለቻት። ለካቻት፣ ዝም አለች፣ ደግማ ለካቻት፣ ከዚያ «ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ ይሂዱ» ብላ ቁጥሩን በቁራጭ ወረቀት ጽፋ ሰጠቻት። እማዬ ቤት ስትደርስ ግራ ተጋብታ ነበር። «ምንም አያመኝም እኮ!» አለችኝ። እውነቷን ነው። በ58 ዓመቷ ሌሊት 11 ሰዓት ተነስታ ኪዳን የምታደርስ፣ ዘንቢል ተሸክማ ከገበያ በእግሯ የምትመለስ ሴት ናት። ራሷን አያማትም፣ አያዞራትም።

ብዙዎቻችን የምንሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ግፊት ካለ ራስ ያማል፣ ንዴት ይበዛል፣ ስለዚህ ይታወቃል ብለን እናስባለን። አብዛኛው ሰው ላይ ግን ለዓመታት ምንም አይሰማም። ውስጥ ውስጡን ደም ሥሩን ይጎዳል፣ ልብ ደሙን ለመግፋት ከአቅሟ በላይ ስትለፋ ጡንቻዋ እየወፈረ ይሄዳል፣ ኩላሊትም ይጎዳል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ግፊት ካለባቸው የዓለም አዋቂዎች ወደ ግማሽ የሚጠጉት እንዳለባቸው እንኳ አያውቁም። እኛ አገር በ2015 እ.ኤ.አ. በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ደግሞ ከ100 አዋቂ 16 ያህሉ ግፊት ነበረበት። ስድስት ሰው ቡና ላይ ቢቀመጥ አንዱ እንደ ማለት ነው።

ጤና ጣቢያ በሌላ ቀንም ለክተዋት ቁጥሩ አልወረደም፤ አምሎዲፒን የሚባል የግፊት ኪኒን 5 ሚሊግራም ተጀመረላት። በወሩ 132/84 ሆነ። ሁላችንም ደስ አለን። ከዚያ እማዬ መድኃኒቱን አቆመች፣ ለእኔም አልነገረችኝም። ከወራት በኋላ መሳቢያ ውስጥ መቀስ ስፈልግ ያልተነኩ እሽጎች አገኘሁ። «ድኛለሁ ብዬ ነው» አለችኝ። ጎረቤቶቿም «አንዴ ከለመድሽው አትላቀቂውም» ብለዋታል። ረጋ ብዬ ስጠይቃት ግን ሌላም ምክንያት ነበራት። ማታ ማታ ቁርጭምጭሚቷ እያበጠ ጫማ አልገባ ይላት ነበር፣ ሐኪሙን ማስቸገር አልፈለገችም። ይህ እብጠት አምሎዲፒን የሚወስዱ አንዳንድ ሰዎች ላይ የሚታይ የታወቀ ነገር ነው። ለሐኪሙ ስትነግረው ወዲያው በሌላ ቀየረላት። ያን ቀን ግፊቷ 186/106 ነበር።

ስለዚህ እባካችሁ፣ ቁጥሩ ወርዶ ሲታይ ያወረደው ኪኒኑ ነው። ኪኒኑ ሲቆም ቁጥሩ ይመለሳል። ካልተስማማችሁ ተናገሩ፣ ደረቅ ሳል ያመጣባችሁም፣ ሽንት ያበዛባችሁም ካለ ንገሯቸው። የግፊት መድኃኒት አንድ ዓይነት ብቻ አይደለም፣ ይቀየራል። ነጭ ሽንኩርትና ሽፈራው የምትወዱ ብሉ፣ ጠጡ፤ በኪኒኑ ፈንታ ግን አይሁን።

አምና ጥቅምት ላይ በአጥራችን ማዶ የሚኖሩ ሰው አረፉ። ሌሊት ደረታቸውን ከብዶ ያዛቸው፣ ግራ ክንዳቸውን ወረደ፣ ቀዝቃዛ ላብ አላባቸው። «ጨጓራዬ ነው» ብለው ወተት ጠጥተው ተኙ። ሲነጋ መኪና ተፈለገ፣ መንገድ ላይ አለፉ። ግፊት እንዳለባቸው ቤተሰቡ ያውቅ ነበር፤ መድኃኒቱን ግን «ሲያመኝ» እያሉ ነበር የሚወስዱት። ይህን ስጽፍ አሁንም ያንገበግበኛል። ደረት ላይ የሚጫን ሕመም ወደ ክንድ፣ ወደ አገጭ፣ ወደ ጀርባ ከሄደ፣ ላብና ትንፋሽ ማጠር ካለው፣ ጨጓራ ነው ብላችሁ አትጠብቁ። በዚያው ሌሊት ሆስፒታል ሂዱ። አፍ ሲጣመም፣ አንድ እጅ ሲዝል፣ ንግግር ሲተሳሰርም እንደዚያው።

ከዚያ ሐዘን በኋላ ነው መለኪያ ማሽን የገዛነው። ክንድ ላይ የሚታሰረውን ነው፤ የእጅ አንጓ ላይ የሚታሰረው በቀላሉ ይሳሳታል። የመጀመሪያው ሳምንት ቁጥሮች ግን የሚያስደነግጡ ነበሩ፣ የላይኛው ቁጥር አንዴ 150፣ አንዴ 171፣ አንዴ 138። ማሽኑ ተበላሽቷል ብዬ ልመልሰው ነበር። ከዚያ እማዬን ቁጭ ብዬ አየኋት። በረካዋን ጠጥታ ሳትቆይ ትለካለች። እየለካች ከአክስቴ ጋር በስልክ ታወራለች። ዱካ ላይ ያለ መደገፊያ ተቀምጣ፣ እግሯን አነባብራ፣ ክንዷን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ከሹራቡ በላይ አስራ። እያንዳንዱ ነገር ቁጥሩን ከፍ ያደርገዋል።

አሁን እንዲህ ነው የምናደርገው። ከመለካቷ በፊት ግማሽ ሰዓት ቡና የለም። ሽንት ቤት ደርሳ ትመጣለች፣ የያዙት ሽንት ራሱ ግፊት ይጨምራል። ጀርባዋን ወንበሩ ላይ ደገፍ አድርጋ፣ እግሯን መሬት አስረግጣ፣ ባዶ ክንዷን ጠረጴዛ ላይ በልቧ ትክክል አድርጋ አምስት ደቂቃ ዝም ትላለች። ዝም ማለቱ ለእሷ ከባድ ነው፤ ስለዚህ በልቧ ጸሎት ታደርጋለች። ከዚያ ሁለት ጊዜ፣ በመካከሉ አንድ ደቂቃ አርፋ። ጠዋት ከኪኒኑ በፊት፣ ማታ ከመኝታ በፊት። ካፉ፣ ማለትም ክንድ ላይ የሚታሰረው ጨርቅ፣ ለክንዳችሁ የሚሆን ይሁን፤ ወፍራም ክንድ ላይ ጠባብ ካፍ ከታሰረ ቁጥሩን ያለ አግባብ ያወጣዋል። ቀጠሮ ሲደርስ የሰባት ቀኑን ደብተር ይዘን እንሄዳለን። ሐኪሙ ያን ዕለት እሱ ከለካው ቁጥር ይልቅ ደብተሩን ነው ረጅም ሰዓት የሚያየው፤ ነጭ ጋዋን ሲያዩ ብቻ ግፊታቸው የሚወጣ ሰዎች አሉና። ጤና ተቋም ውስጥ 140/90፣ ቤት ውስጥ ደግሞ 135/85 እና ከዚያ በላይ በተደጋጋሚ ከታየ ከፍ ብሏል ይባላል። 180/120 ካለፈና ደረት ካመመ፣ ትንፋሽ ካጠረ ወይም ዓይን ከደበዘዘ ግን ቀጠሮ አይጠበቅም።

አሁን ወደ ጨው ልምጣ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ አዋቂ በቀን ከ5 ግራም በታች ይላል፣ አንድ የሻይ ማንኪያ የማይሞላ። ያው በ2015ቱ ጥናት የእኛ አማካይ 8.3 ግራም ነበር። «እኛ ቤት እኮ ጨው አይበዛም» አለች እማዬ። እንሞክር አልኳት። አራት ነን፣ ለሰባት ቀን 140 ግራም ይደርሰናል፣ የሻይ ብርጭቆ ሙሉ ያህል። ሰኞ ጠዋት መዝነን መደርደሪያ ላይ አስቀመጥነው፣ ከዚያ ውጪ ላንነካ። ሐሙስ ማታ ብርጭቆው ባዶ ሆነ። ከሱቅ የምንገዛውን ዳቦ ሳንቆጥር።

እማዬ ብርጭቆውን ይዛ ቆማ አሰበች። ከዚያ እሷው ራሷ ነገረችኝ። በርበሬው ሲዘጋጅ ጨው ገብቶበታል። ሽሮው ሲፈጭ ገብቶበታል። ሚጥሚጣውም አለው። ወጡ ሲወጣ ደግሞ ይጨመራል፣ ማዕድ ላይም አዋዜው ይመጣል። ለካ አንዱን ወጥ ሦስት አራት ጊዜ ነው ጨው የምናደርግበት! ዘንድሮ በርበሬ ስታስፈጭ ኮረሪማው፣ ጥቁር አዝሙዱ፣ በሶብላው፣ ነጭ ሽንኩርቱ ሁሉ እንደ ወትሮው ገባ፣ ጨው ግን አልገባም። ሽሮውም እንደዚያው። አሁን ጨው የሚገባው አንዴ ብቻ ነው፣ ወጡ ሊወጣ ሲል፣ በሻይ ማንኪያ ተለክቶ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት ወንድሜ «አልጫ ሆነብኝ» እያለ ተቸገረ። አሁን ሰርግ ቤት በልቶ ሲመጣ ጨው በዛ የሚለው እሱ ነው።

ስለ ጾምም አንድ ነገር ልበል፣ ብዙ እናቶች የሚቸገሩበት ስለሆነ። በዐቢይ ጾም 55 ቀን ሙሉ ጠዋት ውሃ አልቀምስም ብለው ኪኒን የሚተዉ አሉ። እማዬም አንዷ ነበረች። የንስሐ አባቷን ጠየቀች፣ «መድኃኒት ጾም አያስገድፍም ልጄ፣ ውሰጂ» አሏት። ሐኪሙን ጠየቀች፣ የእሷ ኪኒን በቀን አንዴ ስለሆነ ለጾሙ ጊዜ ሰዓቱን ወደ ማታ አዛወረላት። ያን ሁሉ ጊዜ የፈራችው ነገር ሁለት ጥያቄ ነበር። በነገራችን ላይ የጾም ምግብ በራሱ ለልብ ጥሩ ነው፣ ምስሩ፣ ጎመኑ፣ ክኩ። የሚያበላሸው ዘይቱ ነው፣ በተለይ ብርድ ሲነካው የሚረጋው ፓልም፤ ግማሽ ያህሉ የረጋ ስብ ነው።

እንቅስቃሴውን ብዙ አላወራበትም፣ ታውቁታላችሁ፤ በሳምንት 150 ደቂቃ ፈጠን ያለ እርምጃ። እኔ ከሥራ ስመለስ ሁለት ፌርማታ ቀድሜ እወርዳለሁ። ሲጋራ የምታጨሱ ግን ከሁሉ በፊት እሱን አቁሙ። ስኳርና ኮሌስትሮልም ሐኪሙ በሚላችሁ ጊዜ ይመርመሩ፣ እነሱም እንደ ግፊት ቶሎ አይናገሩም።

ልጆች ላላችሁ ደግሞ፣ አገራችን ውስጥ የልብ በሽታ የትልቅ ሰው ብቻ አይደለም። በባክቴሪያ የሚመጣ ቶንሲል በወጉ ሳይታከም ሲቀር አንዳንድ ልጆች ላይ የመገጣጠሚያ ሕመምና ትኩሳት ያስከትላል፣ ከዚያም የልብ በር ይጎዳል። ልጁ ጉሮሮውን ካመመውና ካተኮሰው እንጥል ይቆረጥ ወደሚሉት ሳይሆን ጤና ጣቢያ ይሂድ። የታዘዘለትንም መድኃኒት ተሻለው ብላችሁ ሳትተዉ ጨርሱለት።

ባለፈው እሑድ እማዬ ጎረቤቶቿን ቡና ጠርታ ነበር። ሁልጊዜ እንደምታደርገው ቡናው ሳይቆላ ማሽኑን አወጣች። አንድ በአንድ ወንበሩ ላይ ተቀመጡ፣ «ዝም በይ፣ አታውሪ» እያለች ለካቻቸው። አራቱ ደህና ናቸው። አምስተኛዋ፣ ገና 41 ዓመቷ ነው፣ 168/102 ወጣባት። «ማሽኑ ነው፣ እኔ ምንም አያመኝም» አለች። እማዬ አልተከራከረቻትም። አምስት ደቂቃ አሳርፋ ደገመቻት፣ 166/100። ደብተሩን ከፍሪጁ ፈትታ የመጀመሪያውን ገጽ አሳየቻት። ከዚያ መሀሉ ላይ አዲስ ገጽ ገልጣ የሴትየዋን ስም ጻፈች፣ ቀኑን ጻፈች፣ ሁለቱን ቁጥሮች ጻፈች። ሰኞ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ጤና ጣቢያ በር ላይ ሁለቱም ነጠላቸውን አጣፍተው ተራ ይጠብቁ ነበር።