ባትሪ ይዤ ዋሻ ሚካኤል

የማስተርስ ጥናቴን የሠራሁት አዲስ አበባ፣ የካ ተራራ ላይ፣ ከአለት በተፈለፈለው ዋሻ ሚካኤል ቤተ ክርስቲያን ነው። ፕሮጀክት የለኝ፣ በጀት የለኝ። ሜትር፣ ባትሪ፣ የታክሲ ሳንቲም፣ በቃ።

መጀመሪያ የያዝኩት ጥያቄ «መቼ ተፈለፈለ?» የሚል ነበር። የአካባቢው ሰው እስከ አብርሃ ወአጽብሐ ዘመን ያደርሰዋል። አጥኚዎች ወደ መካከለኛው ዘመን ያመጡታል። እኔ ላስታርቃቸው ነው ሐሳቤ! አማካሪዬ «በምን ትለካዋለህ?» ሲለኝ ዝም አልኩ። ግንብ ቢሆን በጭቃው መሀል የቀረ ከሰል ወይም እንጨት በካርቦን ይለካል። ከአለት የተፈለፈለ ውቅር ግን ሲሠራ ይቀነስለታል እንጂ አይጨመርበትም። አለቱ ራሱ ዕድሜው በሚሊዮን ዓመታት የሚቆጠር ነው። ልቆፍር ብል ደግሞ የቅርስ አዋጁ፣ ቁጥር 209/1992፣ ያለ ፈቃድ ንክች አያስደርግም። ለብቻዬ የምወጣው ዳገት አልነበረም። ስለዚህ ጥያቄዬን አሳነስኩት፦ «እንዴት ተፈለፈለ?»

ለማየትና ለመለካት ብቻም ቢሆን ደብዳቤ ይጠየቃል። ሁለት ወር በላብኝ። እሱን ባላወራ ይሻላል።

የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ፎቶዎች ገደል ገቡ። ፀሐይ አናቴ ላይ ሆና ስላነሳሁ ግድግዳው ልሙጥ መስሎ ወጣ። መለኪያም አጠገቡ አላስቀመጥኩም፤ የመሣሪያው ዱካ የጣት ያህል ይሁን የክንድ አይለይም። በአራተኛው ቀን፣ ሊመሽ ሲል፣ ባትሪዬን ግድግዳው ላይ ለጥፌ በጎን አበራሁ። ጎን ለጎን የተሰመሩ ሰያፍ ጭረቶች ብቅ አሉ፣ ልክ እንደ እርሻ ትልም። የአንዱ ስፋት የአውራ ጣቴን ጥፍር ያህላል። መሮ ነው። ከዚያ በኋላ በቀትር ካሜራ አልነካሁም፤ እያንዳንዱ ፎቶ ውስጥም ማስመሪያ አለ።

ፎቶውን ኮተቤ ኮብልስቶን ለሚጠርብ ልጅ አሳየሁት። ስልኬን አዟዙሮ አየና «ወንድሜ፣ ይሄ ሰውዬ ግራኝ ነው» አለኝ። መሮውን አንስቶ አንድ ድንጋይ ላይ ሦስት ጊዜ መታ። የእሱ ጭረት ወደ አንድ ወገን አዘነበለ፤ የእኔው ፎቶ ወደ ሌላኛው። አፌን ይዤ ቀረሁ። ስንት ወር ቤተ መጻሕፍት ተቀምጬ ይህን የሚነግረኝ አላገኘሁም። በመጀመሪያው ሳምንት እሱ ዘንድ ብሄድ ኖሮ!

እርግጥ አንድ ጥግ አይቶ ግራኝ ነው ብሎ መደምደም አይቻልም። ጠባብ ቦታ ላይ የቆመ ቀኝ እጁን የሚጠቀም ሰውም እንደዚያ ሊመታ ይችላል። ስለዚህ ጥናቴ ውስጥ ሁለት መስመር ብቻ ሰጠሁት።

ወሬውን ግን መያዝ አልቻልኩም። በሳምንቱ ከደጀ ሰላሙ አጠገብ የማይጠፉትን አባን አገኘኋቸው።

«አባ፣ ያችን ጥግ የፈለፈላት እኮ ግራኝ ሳይሆን አይቀርም።»

አባ ምርኩዛቸውን መሬት ላይ መቱና አማተቡ።

«በስመ አብ! ግራኝ ሲያፈርስ እንጂ ሲሠራ ማን አየው፣ ልጄ?»