የአሳማ ፕሮቲን ምርመራ ለወሎ በግ ምን ያስተምራል?

ወሎ ውስጥ እስላሙም ክርስቲያኑም የአሳማ ሥጋ አይበላም፤ ታዲያ የአሳማ ደም ምርመራ ምን ያደርግልናል ቢባል አይገርምም። ዘዴው ግን ለደጋው በግም ይሠራል። የማይሠራው ቁጥሩ ነው።

የእንስሳ አካል በበሽታ ወይም በቁስል ሲቆጣ ጉበቱ አንዳንድ ፕሮቲኖችን አብዝቶ ወደ ደም ይለቃል። በአሳማ ላይ ከሚለኩት ዋነኞቹ ፒግ-ማፕ የሚባለውና ሀፕቶግሎቢን ናቸው። ጤነኛ አሳማ ደም ውስጥ ሀፕቶግሎቢን ሁልጊዜም በቂ መጠን አለ። ጤነኛ በግ ላይ ግን ብዙውን ጊዜ በሊትር ከ0.1 ግራም በታች ነው፤ ሲታመም ብዙ እጥፍ ያሻቅባል። ለአሳማ የወጣውን ወሰን ለበግ ከተጠቀምን የታመመውም ጤነኛ ይመስላል።

አብዛኛው ስህተት የሚፈጠረው ግን ናሙናው ማሽን ጋ ሳይደርስ ነው። ከአንገት ደም ስር በቁጥር 20 መርፌ 5 ሚሊ ሊትር ያህል ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ መድኃኒት ወደሌለበት ቀይ ክዳን ቲዩብ ይቀዳል። በኃይል መሳብና ቲዩቡን መናጥ ቀይ ሴሎችን ይሰብራል፤ የሚፈሰው ሄሞግሎቢን ከሀፕቶግሎቢን ጋር ተጣብቆ ልኬቱን ያበላሻል። ሴረሙ፣ ማለትም ደሙ ከረጋ በኋላ የሚለየው ፈሳሽ፣ ከቀላ ይጣል፣ ልብ አይራራለት። ደሙ ጥላ ሥር ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ይርጋ፣ ከዚያ በ2,000 ጂ (የመሬት ስበት 2,000 እጥፍ) ለ10 ደቂቃ ይሽከርከር። ከመቄት ወይም ከደላንታ እስከ ኮምቦልቻው ላቦራቶሪ መንገዱ ረጅም ነውና ሴረሙን እዚያው መለየት ይሻላል፤ ያልተለየ ደም በረዶ ላይ በቀጥታ ካረፈ ሴሎቹ ሊፈነዱ ይችላሉ። ሴረሙ በ0.5 ሚሊ ሊትር ተከፋፍሎ ይቀመጥ፤ አንዱን ቲዩብ ደጋግሞ ማቅለጥና ማቀዝቀዝ ፕሮቲኑን ይጎዳል። ለወራት የሚቆይ ከሆነ ከዜሮ በታች 80 ዲግሪ ያስፈልገዋል።

አዲስ ጠቋሚ፣ ማለትም በሽታን የሚያመለክት ፕሮቲን፣ ፍለጋ ከሆነ የሴረሙ ፕሮቲን ትሪፕሲን በሚባል ቆራጭ ኢንዛይም (1 እጅ ኢንዛይም ለ50 እጅ ፕሮቲን፣ በ37 ዲግሪ፣ ሌሊቱን ሙሉ) ተቆራርጦ ቁርጥራጮቹን በክብደታቸው ወደሚለየው ማስ ስፔክትሮሜትር ይገባል። እዚህ ላይ አልቡሚን ያስቸግራል፤ ከሴረም ፕሮቲን ግማሹን ያህል ስለሚይዝ ጥቂት የሆኑትን ይሸፍናል። ለሰው አልቡሚን ፀረ-እንግዳ አካል የያዘ ማስወገጃ ደግሞ የአሳማውንም የበጉንም በደንብ ላይዝ ይችላል፤ ከመግዛት በፊት መሞከር ነው። ሌላው ጣጣ የፀጉርና የቆዳ ፕሮቲን የሆነው ኬራቲን ነው። ከአሳማ ናሙና ውስጥ የሰው ቆዳ ኬራቲን ቢገኝ ባዕድነቱ ብዙውን ጊዜ ይታወቃል። የበግ ፀጉር ግን ራሱ የበግ ፕሮቲን ስለሆነ ከበግ ፕሮቲኖች መረጃ ቋት ጋር ተስማምቶ «አዲስ ጠቋሚ» መስሎ ይወጣል። አንገቱን ላጭቶ በአልኮል መጥረግ፣ በውጤቱ ላይም የፀጉር ኬራቲኖችን ለይቶ ማውጣት ግድ ነው።

ሀፕቶግሎቢን ከፍ ማለቱ መቆጣትን እንጂ የበሽታውን ስም አይናገርም፤ ሳንባም ይሁን ቁስል ያው ነው። ገና የወለደች በግም ይህን ጭማሪ ታሳያለች። ሰኞ ባቲ ገበያ ድረስ ተነድቶ የመጣ በግ ጭንቀቱና ድካሙ ልኬቱን ሊያዛባ ይችላልና ደሙ ከገበያ ሳይሆን ከበረት ይቀዳ፤ የሚወዳደሩት ጤነኞችም ከዚያው ቀበሌ፣ በዕድሜ ተመሳሳይ፣ በዚያው ቀን የተቀዱ ይሁኑ።