አንድ ቃል የጎደለው ውክልና፦ ጅማ ላይ ቤት የገዛንበት ዓመት

ቤት ልትገዙ ያሰባችሁ፣ በተለይ «ገበያው ቀዝቅዟል፣ አሁን ሻጭ ነው የሚለምነው» ተብላችሁ የተነሳችሁ፣ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ይህችን አንብቡልኝ። እኔን ያስጠነቀቀኝ ሰው አልነበረም። ደላላው ስለ ዋጋ ነገረኝ፣ ባንኩ ስለ ወለድ ነገረኝ፣ ዘመድ አዝማዱ ስለ ሰፈር ነገረኝ። ስለ ወረቀት ግን ቁጭ አድርጎ ያስረዳኝ የለም። ከቀብድ እስከ ቁልፍ ስድስት ወር አልፎ የሄደብን፣ ክረምት መሃል ገብተን ግድግዳ ያበላሸነው፣ አንድ ወረቀት ላይ አንድ ቃል ስለጠፋ ነው።

ባለቤቴና እኔ ጅማ፣ ሄርማታ ሰፈር ውስጥ 9 ዓመት ተከራይተን ኖረናል። በ2017 መጀመሪያ ላይ መፈለግ ስንጀምር ገበያው እውነትም ቀዝቅዞ ነበር። ብሔራዊ ባንክ በነሐሴ 2015 የባንኮች የብድር ዕድገት በዓመት ከ14 በመቶ እንዳይበልጥ ከወሰነ ወዲህ ብድር እንደ ድሮው አይገኝም ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ ደግሞ ቆርቆሮውም ቀለሙም ሚስማሩም ተወደደ። ገንዘብ ያለው ሰው ገንዘቡን ይዞ ማየት መረጠ። በዚያ ላይ ኮሪደር ልማቱ መጣና መንገድ ዳር ያለ ቤት ሁሉ «ይነካል፣ አይነካም» እየተባለ ገዢ ራቀው።

ያገኘነው ቤት ወደ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት በሚወጣው መንገድ፣ ትንሽ ገባ ብሎ ነው። በእንጨትና በጭቃ የተሠራ፣ አራት ክፍል፣ ጓሮው ውስጥ ሁለት አቮካዶና ጥቂት የቡና እግር አለው። 3 ሚሊዮን 200 ሺህ ተብሎ ዓመት ሊሞላው ሲል አየነው፤ በ2 ሚሊዮን 400 ሺህ ተስማማን። ፕላን ክፍል ሄደን መንገድ እንደማይነካው አረጋገጥን። ዕዳና እገዳ አስጣራን፣ ነፃ ነው ተባለ። ጥር 12 ቀን 200 ሺህ ብር ቀብድ ከፈልን፣ ሦስት ምስክሮች ፈረሙ። እስከዚህ ድረስ እጃችን ላይ ያለው ነገር ሁሉ የተስተካከለ መስሎን ነበር።

ስለ ብድሩ አንድ ነገር ብቻ ልናገር፤ ምክንያቱም ባንኮች ራሳቸው የሚመክሩት እኔ ከምመክረው ተቃራኒውን ነው። «መጀመሪያ ከሻጭ ጋር ጨርሳችሁ ኑ» ይሏችኋል። እኛም እንዳሉን አደረግን። ቀብድ ከከፈልን በኋላ መሐንዲሳቸው መጣ፣ ግድግዳውን በጣቱ ጫር አድርጎ አየ፣ ጭቃ መሆኑን ጻፈ። የተስማማንበት ዋጋ 2 ሚሊዮን 400 ሺህ፣ የእሱ ግምት 1 ሚሊዮን 150 ሺህ። ለካ የሚገመተው ቤቱ ነው እንጂ ገበያው ለቦታው የሚሰጠው ዋጋ አይደለም፤ ጭቃ ቤት ደግሞ ከብሎኬት ጋር አይወዳደርም። ከግምቱ 70 በመቶ፣ ማለትም 800 ሺህ ገደማ ፈቀዱልን። ቀሪውን ከ1 ሚሊዮን 100 ሺህ ቁጠባችን፣ ከ300 ሺህ እቁብና ባለቤቴ ከወንድሙ ከተበደረው 200 ሺህ ሞላነው። እቁቡን እንኳ ያገኘነው ዕጣው የደረሳት ሴት ተራዋን ስለለቀቀችልኝ ነው፤ ውለታዋን አልረሳም። ስለዚህ እኔ የምለው፣ ሻጩን አስፈቅዳችሁ የግምቱን ክፍያ ከኪሳችሁ ከፍላችሁም ቢሆን፣ መሐንዲሱን ከቀብድ በፊት አምጡት።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ።

ሻጯ አዛውንት ናቸው፤ ሰፈሩ «አዴ» ይላቸዋል፣ እኔም እንደዚያው። ባለቤታቸው ካረፉ አምስት ዓመት ሆኗቸዋል፣ ካርታው ግን እስከዚያ ቀን በሟቹ ስም ነበር። ይህን ከመጀመሪያው አውቀናል፣ ደላላውም ነግሮናል። «የወራሽነት ማስረጃ ከፍርድ ቤት አውጥተዋል፣ አለቀ» አለን። እውነትም አውጥተዋል። ያልገባን ነገር ማስረጃው ወራሾቹ እነማን እንደሆኑ ይናገራል እንጂ ወራሾቹ ይስማማሉ ማለት አለመሆኑ ነው። የቤቱ ግማሽ የጋራ ንብረት ስለሆነ የአዴ ነው፤ የሟቹ ግማሽ የአራት ልጆች ነው። አራቱም ካልፈረሙ ስም አይዞርም። ሦስቱ ጅማ አሉ። አራተኛዋ ጅዳ ናት።

«ውክልና ትልካለች» ተባለ፤ ቀላል ነገር መሰለን። ልጅቷ ሰው ቤት ነው የምትሠራው። ከአሠሪዎቿ ለራሷ ጉዳይ የምታገኘው በወር አንድ ቀን ነው። በዚያች ቀን ቆንስላ ሄዳ ተሰልፋ አሠራች። ወረቀቱ በሰው እጅ አዲስ አበባ መጣ፣ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ተረጋገጠ፣ በአውቶቡስ ጅማ ደረሰ። ወንድሟ መጋቢት 24 ቀን ማታ ቤታችን አምጥቶ አሳየን። እኔ ራሴ በእጄ ይዤ አንብቤዋለሁ። «ማንኛውንም የሚንቀሳቀስና የማይንቀሳቀስ ንብረቴን እንዲያስተዳድርልኝ፣ እንዲያከራይልኝ፣ በስሜ ከሳሽም ተከሳሽም ሆኖ እንዲከራከርልኝ» ይላል። «ማንኛውንም» የሚለውን ቃል አየሁና ልቤ አረፈ። ቡና አፈላሁ። በማግስቱ አስገባን።

ከዚያ በኋላ ያለውን ሳስበው አሁንም ያንገበግበኛል። ካርታ የሚታይበት ቢሮ ስንመላለስ 24 ቀን ሆነን። «ነገ ተመለሺ»፣ «ባለሙያው መስክ ወጥቷል»፣ «ፋይሉ ቅያስ ክፍል ነው»፣ «ስብሰባ ላይ ናቸው»። ከሥራ እየፈቀድኩ መስኮቱ ሥር የቆምኩባቸውን ቀናት ቆጥሬያቸዋለሁ፣ ዘጠኝ ናቸው። ሚያዝያ 19 ቀን አንድ ወጣት ባለሙያ ፋይሉን ገለጠ፣ ውክልናውን ከላይ እስከ ታች አነበበ፣ አንድ ደቂቃም አልፈጀበትም። «እዚህ ላይ እንዲሸጥ የሚል የለም» አለና መለሰልኝ።

«እንዲያስተዳድር» አለ፣ «እንዲያከራይ» አለ፣ «እንዲከራከር» አለ። «እንዲሸጥ» የለም።

ሕጉ ልክ ነው፣ ይህን መካድ አልችልም። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 2205 መሠረት የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ ልዩ ውክልና ያስፈልጋል፤ ጠቅላላ ውክልና የማስተዳደር ሥራ ብቻ ነው የሚፈቅደው። ድንጋጌው ባይኖር ኖሮ ያቺ ጅዳ ያለች ልጅ ሳታውቀው ንብረቷን ልታጣ ትችል ነበር። እኔ የምናደደው በሕጉ አይደለም። አንድ ደቂቃ የሚፈጅ ንባብ 24 ቀን መጠበቁ ነው የሚያናድደኝ። ግድግዳው ላይ የተለጠፈው የሚያስፈልጉ ሰነዶች ዝርዝር «ውክልና» ብሎ ማቆሙ ነው። «የመሸጥ ሥልጣን የሚሰጥ» የሚሉ ቃላት ቢጨመሩበት ስንት ሰው ከመንገላታት ይድን ነበር! ከሁሉ በላይ ግን በራሴ ነው የምናደደው። 500 ብር ለጠበቃ ላለመክፈል ብዬ፣ ማንበብ ስለቻልኩ ብቻ የገባኝ መሰለኝ።

ሁለተኛው ውክልና ሌላ ሁለት ወር ወሰደ። ከዚያ በፊት ደግሞ ልጅቷ ፈራች። መጀመሪያ አስተዳድር ብላ ፈርማ፣ አሁን ሽጥ ብለሽ ፈርሚ ስትባል ብትጠራጠር አይፈረድባትም። አዴ ስልክ ደወሉላትና እኔንም አገናኙኝ። «እህቴ፣ ወንድሜን አላምነውም ማለቴ አይደለም፤ ግን የእኔ ድርሻ በእኔ አካውንት ይግባ» አለችኝ። በእውነት ደስ አለኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው ነገሩ መስመር የያዘው። ውሉ ላይ የእያንዳንዱ ወራሽ ድርሻ በብርና በሂሳብ ቁጥር ተጻፈ፤ የእሷ በስሟ ወደተከፈተ አካውንት እንዲገባ ሆነ። ወራሽ ብዙ የሆነበትን ቤት የምትገዙ፣ ገንዘቡን ጠቅልላችሁ ለአንድ ሰው አትስጡ፤ ሻጮቹ «እኛ እንከፋፈላለን» ቢሉም እሺ አትበሉ።

እኛ ግን እስከዚያው ቤት አልነበረንም። «ሚያዝያ 30 እንለቃለን» ብለን ለአከራያችን ተናግረን ነበር፤ እሱም ሌላ ተከራይ ይዞ ጨርሷል። ዕቃችንን አንድ ክፍል ውስጥ እስከ ጣሪያ ቆልለን፣ ከሁለት ልጆች ጋር የባለቤቴ እህት ቤት ወደ ሦስት ወር ተጠጋን። ቀብዱን ትተን እንውጣ ያልንበትም ማታ ነበር። የሰጠ ሰው ሐሳቡን ከቀየረ ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለ ከቀየረ እጥፉን ይመልሳል። 200 ሺህ ብር ጥሎ መሄድ አልሆነልንም። ስም እስኪዞር ቤት የምትለቁበትን ቀን ለማንም አትናገሩ።

ስሙ የዞረው ሐምሌ 9 ቀን ነው። በዚያ ቀን ክፍያ መስኮት ላይ ሌላ ያልጠበቅነው ነገር ገጠመን። 2 በመቶ የቴምብር ቀረጥ እንዳለ አውቀን ይዘናል። ነገር ግን ነባር ይዞታ፣ ማለትም ያለ ሊዝ ከድሮ ጀምሮ የተያዘ ቦታ፣ ከውርስ በቀር በሌላ መንገድ ለሦስተኛ ወገን ሲተላለፍ ወደ ሊዝ ስሪት እንደሚገባ አላወቅንም። ለአዴ ነባር የነበረው ቦታ ለእኛ ሊዝ ሆነ፤ በየዓመቱ የሚከፈል አለበት፣ ውልም ይፈረምበታል። አዋጁ 721/2004 ነው፤ ከወጣ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል። ደላላው 48 ሺህ ብር ሲቀበለን አንድም ቃል አልተነፈሰም። ካርታው ላይ «ነባር» የሚል ካያችሁ፣ ዋጋ ከመቁረጣችሁ በፊት የሊዙን ስሌት ጠይቁና ከዋጋው ላይ አስቀንሱ።

ቁልፉን ሐምሌ 22 ተረከብን። የጅማን ሐምሌ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ጠዋት ፀሐይ ካየህ ከሰዓት ዝናብ አይቀርም። በታኅሣሥ ስናየው ደረቅና ሙቅ የነበረው ቤት፣ የኋለኛው ክፍል ኮርኒስ ላይ ትሪ የሚያህል ቡናማ ክብ ወጥቶበታል። ጥግ ላይ ያለውን ምሰሶ ባለቤቴ በጣቱ ሲጫነው ገባለት፤ ምስጥ ውስጡን በልቶ ቅርፊቱን ብቻ ነው የተወው። ሰው «ቤት በበጋ ነው የሚገዛ» ይላል፤ እኔ ደግሞ ሐምሌ ላይ፣ ዝናብ እየወረደ እዩ እላለሁ።

ጣሪያውን ቶሎ ዘጋን፤ አምስት ቆርቆሮ ቀየርን፣ ጨርሶ ያልነበረውን አሸንዳ አስገባን። የተበሉትን ሦስት ምሰሶዎች አናጺው ሥራቸውን በድንጋይ አሳርፎ፣ የተቃጠለ ዘይት ቀብቶ ተካቸው። ይህ ሁሉ ጥሩ ሆኗል፣ እኮራበታለሁ። የፊት ለፊቱን ክፍል ግን አበላሸሁት። እንግዳ የሚገባበት ስለሆነ በሲሚንቶ ይለሰን አልኩ። አንድ የሰፈራችን አዛውንት ግንበኛ፣ «ልጄ፣ ጭቃና ሲሚንቶ አይዋደዱም፤ ግድግዳው ሳይደርቅ ደግሞ ጭራሽ» ብለውኝ ነበር። ከስድስት ወር ጥበቃ በኋላ ሌላ «ጠብቂ» መስማት አልቻልኩም። በ11 ቀን አስለስኜ ቀለም አስቀባሁ። በጥቅምት ከመስኮቱ ሥር እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ ታየ። በኅዳር በእጄ መታ መታ ሳደርገው ባዶ ድምፅ ሰጠ፤ ከዚያ የመሶብ ክዳን የሚያህል ቁራጭ ሙሉውን ተገንጥሎ ወለሉ ላይ ወደቀ። ከኋላው ያለው ጭቃ እስከዚያን ቀን እርጥብ ነበር። ሲሚንቶው እርጥበቱን አፍኖ ይዞታል።

የልጆቹን ክፍል ግን አዛውንቱ እንዳሉኝ በጭቃና በጭድ ነው ያስለሰንኩት። ጭቃውን ከጭዱ ጋር አብኩተው ሳምንት አቆዩት፣ በየቀኑ በእግር እየረገጡ ውኃ ጨመሩበት፣ ሽታው እስኪለወጥ። ከደረቀ በኋላ ኖራ ተቀባ። እስካሁን አንድ ስንጥቅ የለውም፤ ወጪው ደግሞ የፊት ለፊቱን ክፍል ሲሶ አይሆንም።

አሁን ጤፍ ተወቅቷል፣ ጭድ እንደ ልብ ነው። አሥር ጆንያ አስመጥቼ አቮካዶው ሥር በላስቲክ ሸፍኜዋለሁ። አዛውንቱ ጥር ላይ እንመጣለን ብለዋል። ሲሚንቶውን አራግፈን ግድግዳውን ለሦስት ሳምንት ራቁቱን እንተወዋለን፤ እስኪደርቅ ድረስ ማንም እንዳይነካው ተነጋግረናል።