የቢሾፍቱን ሐይቆች የፍንዳታ ታሪክ ከጠርዛቸው እንዴት እንዳነበብኩ

የመጀመሪያውን የመስክ መዝገቤን ያበላሸው እያንዳንዱን የአመድ ንጣፍ እንደ አንድ የፍንዳታ ዘመን መቁጠሬ ነው። እንደ ቢሾፍቱ ባሉ ሐይቆች ዳር በተገመጠ ገደል ላይ ከጣት የማይወፍሩ ንጣፎች እጅግ ብዙ ሆነው ይደራረባሉ። ያ ሁሉ ግን በቀናት ውስጥ የተከመረ ሊሆን ይችላል። አላስካ ውስጥ ኡኪንሬክ በተባለ ስፍራ እ.ኤ.አ. በ1977 ሁለት የፍንዳታ ጉድጓዶች በአሥር ቀን ገደማ ውስጥ ተከፍተዋል፤ ትልቁ 300 ሜትር ያህል ሰፍቶ 70 ሜትር ያህል ጠልቋል። ስለዚህ አሁን ገደል ፊት ስቆም ከንጣፎቹ ብዛት በፊት የምፈልገው በመካከላቸው አፈር መኖሩን ነው፤ በሁለት ፍንዳታዎች መካከል ረጅም ጊዜ ማለፉን የሚያሳየው እሱ ነው።

ሆራ፣ ቢሾፍቱ፣ ባቦጋያ፣ አረንጓዴው ሆራ ሃዶና ኪሎሌ የተኙባቸው ጉድጓዶች ከዝቋላ የተለዩ ናቸው። ዝቋላም አናቱ ላይ ሐይቅ አለው፤ እሱ ግን ከራሱ ሆድ ባወጣው አለት ወደ ላይ የተገነባ ተራራ ነው። የቢሾፍቱዎቹ ማአር የሚባሉት ናቸው፤ ወደ ላይ የሚወጣ ባዛልታዊ (ሲቀዘቅዝ ባዛልት የሚባለውን ጥቁር ድንጋይ የሚሆን) ቅልጥ አለት ከከርሰ ምድር ውሃ ጋር ተገናኝቶ፣ ውሃው በቅጽበት ወደ እንፋሎት ሲለወጥ መሬቱን ወደ ታች እየቦረቦረ የከፈታቸው ጉድጓዶች። የተረጨው ፍርስራሽ ዙሪያውን ዝቅ ያለ ቀለበት ሠርቶ ይቀመጣል። ታሪኩ የተጻፈው በዚያ ቀለበት ላይ ነው።

ውሃው ራሱ የሚነግረን ጥቂት ነው። የቢሾፍቱ ሐይቅ ጥልቀት 87 ሜትር፣ የባቦጋያ 65፣ የሆራ 38 ገደማ ተለክቷል። ይህ ልክ ግን የዛሬው የሐይቅ ወለል ነው፤ ከሥሩ ከገደሉ የተናደና ጎርፍ ያስገባው ደለል ስላለ የመጀመሪያው ጉድጓድ ከዚህ ይጠልቅ ነበር። የውሃው ጨዋማነትም ለጉድጓዱ ዕድሜ ምስክር አይሆንም። የኪሎሌ ውሃ የሞጆ ወንዝ ወደ እሱ ከተጠለፈ በኋላ ጨዋማነቱ ቀንሷል፤ የፍንዳታው ታሪክ ግን ያው ነው።

ሥራውን የምጀምረው ክረምቱ ሲወጣ ነው። ዝናቡ ገደሉን አጥቦ ንጣፎቹን ያጎላቸዋል፤ እርጥብ ገደል ሥር መቆም ግን አደገኛ ስለሆነ ፊቱ እስኪደርቅ እጠብቃለሁ። ድንጋይና ሬድ አሽ (ቀዳዳ የበዛበት የእሳተ ገሞራ ጠጠር) የሚወጣባቸው ካባዎች ከተፈጥሮ ገደል የተሻለ ፊት አላቸው። ባለቤቱን አስፈቅጄ፣ የራስ ቁር አድርጌ እገባለሁ፤ ከላይ ወደ ውጭ የተንጠለጠለ ቦታ ካለ ምንም ያህል ቢያምር አልነካውም።

መጀመሪያ ግማሽ ሜትር ያህል ስፋት ያለው ፊት ከላይ እስከ ታች በመጥረቢያና በመቧጠጫ አጸዳለሁ። ሳይጸዳ የሚታየው ከላይ የፈሰሰ ጭቃ ነው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ነው። ልኬቱን ከታች ወደ ላይ እሄድበታለሁ፣ መነሻዬም የቀድሞው መሬት ነው። አመዱ ከቀድሞው መሬት ጋር የሚገናኝበት ቦታ ካልተገኘ የተለካው ውፍረት ትንሹ መጠን ብቻ መሆኑ መዝገቡ ላይ መጻፍ አለበት። ለእያንዳንዱ ንጣፍ ውፍረቱን በሴንቲሜትር፣ የፍሬዎቹን መጠን፣ አምስቱን ትልልቅ ድንጋዮች፣ የታችኛው ድንበር ስለታም ወይም ቀስ በቀስ የሚለወጥ መሆኑን እመዘግባለሁ። ናሙና ከደቃቅ ንጣፍ አንድ ኪሎ፣ ከሻካራ ንጣፍ ሦስት ኪሎ ይበቃል። ከረጢቱ ድርብ ይሁን፤ መለያው በእርሳስ ተጽፎ በሁለቱ መካከል ይቀመጥ። የእስክሪብቶ ቀለም በእርጥብ አመድ ይጠፋል።

ንጣፎቹ እንዴት እንደደረሱ ማወቅ ቀጣዩ ነው። ከሰማይ የዘነበ አመድ ጉብታውንም ጎድጓዳውንም በእኩል ውፍረት ያለብሳል። በመሬት ላይ እየተንከባለለ የሮጠ የአመድና የእንፋሎት ማዕበል ግን ጎድጓዳው ውስጥ ይወፍራል፣ ጉብታው ላይ ይሳሳል፣ ሞገድ የመሰለ ሰያፍ ንጣፍም ይተዋል። ፊሊፒንስ ውስጥ ታአል እ.ኤ.አ. በ1965 ሲፈነዳ እንዲህ ያለው ማዕበል ዛፎችን ሲልጥ ከታየ በኋላ ነው በሌሎች ማአሮች ጠርዝ ያሉ ሰያፍ ንጣፎች ትርጉማቸው የተገለጠው። ከዚያ በፊት ብዙዎቹ ነፋስ ያመጣው አሸዋ ወይም የወንዝ ደለል ተብለው ይታለፉ ነበር። የሞገዶቹ ዘንበልታ አቅጣጫን ያሳያል፤ ነገር ግን ማዕበሉ አንዳንዴ በፊት ለፊት ጎን ላይም ስለሚያስቀምጥ ከአንድ ሞገድ ብቻ አቅጣጫ አልወስድም።

የበለጠ የማምነው በአየር ተወርውረው የወደቁ ድንጋዮችን ነው። ድንጋዩ ከሥሩ ያሉትን ንጣፎች ሳይበጥስ አጉብጦ ከሰጠመ አመዱ እርጥብ ነበር ማለት ነው፤ በአመዱ ውስጥ ያሉ አተር የሚያካክሉ ክብ የአመድ እንክብሎችም እርጥበቱን ያረጋግጣሉ። የስርጉዱ ሚዛን ወደ አንድ ወገን ካጋደለ ድንጋዩ የመጣበትን አቅጣጫ ይጠቁማል። በአንድ ስፍራ ቢያንስ ሃያ እለካለሁ፤ ከሦስት ስፍራ የተገኙ መስመሮችን ካርታ ላይ ስስል የሚገናኙበት አካባቢ የፍንዳታው አፍ ነው። ችግሩ ገደሉ ድንጋዩን በሰያፍ ከቆረጠው የሚታየው ማጋደል የውሸት መሆኑ ነው። በሁለት ወገን ያልተገለጠ ድንጋይ ስለዚህ ከቆጠራ ይወጣል። ሆራ በወለሉ ሁለት ጎድጓዶች ስላሉት ይህ ልኬት ዋጋ አለው፤ መስመሮቹ በሁለት ስፍራ ከተሰበሰቡ አፉ ሁለት ነበር ማለት ነው።

ናሙናውን ከ60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባልበለጠ ሙቀት አድርቄ በወንፊት እለያለሁ። ወንፊቱ በኃይል ከተናወጠ የአመድ እንክብሎቹ ይፈርሱና ደቃቁ ክፍል ከእውነቱ በላይ ይበዛል። ከግማሽ እስከ አንድ ሚሊሜትር ካለው ክፍል ሦስት መቶ ፍሬ በአጉሊ መነጽር እቆጥራለሁ፤ ከአዲሱ ቅልጥ አለት የመጣው ስንት፣ ፍንዳታው ሰብሮ ያወጣው የቀድሞ አለት ስንት ብዬ። እዚህ ላይ ያለው ወጥመድ አሮጌ ባዛልትና ጥቅጥቅ ያለ አዲስ ባዛልት መመሳሰላቸው ነው። አዲሱ የመስታወት ወዝ ያለውና ጠርዙ ያልተበላ ነው፤ ከተጠራጠርኩ ፍሬውን በስስ ቁራጭ አሠርቼ በማይክሮስኮፕ አየዋለሁ። በዚህ አካባቢ ባዛልት ውስጥ አረንጓዴ የኦሊቪን ድንጋይ፣ ማለትም ከመሬት መጎናጸፊያ (ከቅርፊቱ ሥር ካለው ጥልቅ ክፍል) ተነጥቆ የመጣ ቁራጭ ይገኛል። እንዲህ ያለ ከባድ ቁራጭ ሳይሰጥም መውጣቱ ቅልጡ በፍጥነት እንደመጣ ያመለክታል።

የቀድሞ አለት ቁራጮች ከጥልቅ ስለመጡ ፍንዳታውም እዚያው ጥልቀት ላይ ነበር ብሎ መደምደም ግን ልክ አይደለም። ከጉድጓዱ ሥር ያለው ጉሮሮ በተደጋጋሚ ፍንዳታ ይናወጣል፣ ጥልቁ ወደ ላይ ይገፋል፣ የላዩ ይሰምጣል፤ በመጨረሻ የሚወጣው ድብልቅ ነው። እኔም ቁራጮቹን እንደ ጥልቀት መለኪያ ተጠቅሜ አንድ ሙሉ ምዕራፍ ሰርዣለሁ። በንጣፎቹ ቅደም ተከተል ውስጥ ይበልጥ የሚታመነው ለውጥ የውሃ መቀነስ ነው፤ ደቃቁ እርጥብ አመድ ወደ ላይ በሬድ አሽ ከተተካ ውሃው ወደ ቅልጡ መድረስ አቁሟል።

ውስጠኛው ገደል ላይ ሌላ ጥንቃቄ አለ። የቀለበቱ ክፍሎች ወደ ሐይቁ ስለሚንሸራተቱ ያው ክምር ከፍ ብሎም ዝቅ ብሎም ሁለት ጊዜ ይገኛል። ወደ ውጭ መጋደል የነበረበት ንጣፍ ወደ ውስጥ ካጋደለ መጀመሪያ የምጠረጥረው መንሸራተትን ነው። በቀለሙ ወይም በድንጋዩ የሚለይ አንድ ምልክት ንጣፍ መርጬ ዙሪያውን እስክከተለው ድረስ ሁለቱን ክምሮች አልደምርም።

አሁን ወደ አፈሩ። ቡናማ ሆኖ የሥር ቀዳዳ ያለው፣ የንጣፍ መስመሩ የጠፋ፣ ወደ ታች ቀስ በቀስ እየደበዘዘ የሚሄድ ከሆነ የቆየ አፈር ነው፤ በሁለት ፍንዳታዎች መካከል ዕፅዋት የሚበቅሉበት ጊዜ አልፏል። ቢጫማ ቡናማ ሆኖ ንጣፎቹ ግን ጥርት ብለው ከታዩ በውሃ የተለወጠ የመስታወት አመድ ነው፤ የጊዜ ክፍተትን አያሳይም። ለካርቦን ዕድሜ የምወስደው ከሰል ካገኘሁ ከሰሉን ነው። እንዲህ ያለው እርጥብ ማዕበል ብዙ ጊዜ እንጨት ለማክሰል የሚበቃ ሙቀት ስለሌለው ከሰል ብርቅ ነው። ከአፈሩ የሚገኝ ዕድሜ ከላዩ ያለው ክምር ከዚያ በኋላ መምጣቱን ብቻ ያሳያል፤ የዛሬ ዛፍ ሥር ከገባበት ደግሞ ዕድሜው ያለ አግባብ ያንሳል። ስለዚህ ከገጹ ወደ ውስጥ ሠላሳ ሴንቲሜትር ቆፍሬ፣ ሥሮቹን በወረንጦ ለቅሜ፣ በአሉሚኒየም ፎይል እጠቀልላለሁ። ከ50 ሺህ ዓመት በላይ ለሆነ ነገር ካርቦን አይሠራም፤ አርጎን ይጠየቃል፤ ይህም በአለቱ ውስጥ ያለው ፖታስየም ቀስ በቀስ ወደ አርጎን ጋዝ ከመለወጡ ዕድሜ የሚሰላበት ዘዴ ነው። ለአርጎን የምልከው የባዛልቱን ጥቅጥቅ ያለ ውስጠኛ ክፍል ነው፤ የመስታወት አመድ ፖታስየሙን በውሃ ያጣል፣ ኦሊቪን የያዘ ቁራጭ ደግሞ ትርፍ አርጎን ይዞ ሊመጣ ስለሚችል አስቀድሜ በእጅ እለቅመዋለሁ።